«ባሌ ጭምብሌን ከአልጋ ስር አገኘው»

ይህን የምጽፍላችሁ ከአሜሪካ፣ ከሉዊዚያና ግዛት፣ ከኒው ኦርሊንስ ከተማ ነው። ስሜ ይቅር። የባሌም፣ የጓደኞቼም ስም ይቅር። ማኅበራችንም ስም አለው፤ እሱም ይቅር። እዚህ ያለነው አበሾች ጥቂት ነን፣ አንዱ ያስነጠሰው ለሌላው ይሰማል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

ነገሩ የፈነዳው በ2023 ኖቬምበር ውስጥ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ነው። ባሌ ከታክሲ ሥራው ገብቶ ነጠላ ጫማውን ሲፈልግ አልጋ ስር እጁን ሰደደ። ያወጣው ግን ነጠላ ጫማ አይደለም። በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ የወርቅ ቀለም ጭምብል፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ወይን ጠጅ ቦት ጫማ፣ አንድ እፍኝ አረንጓዴ ላባ። እኔ ወጥ ቤት ቡና እየቆላሁ ነበር። ዕቃውን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረና «ይኼ ምንድነው?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ባሌ ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል።

ዝም አልኩ። ስልኬን አነሳው። የመጨረሻው መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት፣ ድልድዩ ስር። እንዳትቀሪ። ቦቱን አድርጊው።»

እስቲ እናንተው ፍረዱ። እንዲህ ያለ መልእክት ያነበበ ባል ምን ያስባል? በዚያ ላይ አምስት ወር ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ «ተጨማሪ ፈረቃ አለኝ» እያልኩ ስዋሸው ኖሬያለሁ።

«ሰው ይዘሻል?» አለኝ።

«ይዣለሁ» አልኩት፤ «አሥራ አምስት። ሁሉም ሴቶች ናቸው።»

አልሳቀም። ቡናው አረረ።

አሁን ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። እኔ የላስታ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ነሐሴ 16፣ የአሸንድዬን ሣር ወገቤ ላይ አስሬ፣ ከበሮ ይዤ፣ ከእኩዮቼ ጋር በየቤቱ ጨፍሬያለሁ። ማን አደራጀን? ማንም። ከበሮ ያላት ከበሮ ታመጣለች፣ ድምፅ ያላት ታወጣለች፣ የተሰጠንን ገንዘብ የምትይዘውን ራሳችን እንመርጣለን። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዲቪ፣ ከዚያ የአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል። ሕይወቴ በአጭሩ ይኸው ነው።

ኒው ኦርሊንስ ደግሞ የጉድ አገር ነው። በዓመት አንዴ ከተማው ያብዳል። «ማርዲ ግራ» ይሉታል፣ በፈረንሳይኛ የሰባ ማክሰኞ ማለት ነው። እኔ ሲገባኝ ግን ሌላ ምንም አይደለም፣ ቅበላ ነው! የእነሱ ጾም ረቡዕ ሊገባ፣ ማክሰኞ ሥጋውን፣ ቅቤውን፣ ጭፈራውን ይጨርሱታል። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ያጌጡ ተጎታች መኪኖች በትራክተር እየተሳቡ፣ ከላያቸው ጭምብል ያደረጉ ሰዎች ዶቃ እየበተኑ፣ በመካከላቸው ማርሽ ባንድና ጨፋሪ ቡድን በእግር እየሄደ ጎዳናውን ይሞሉታል። ሰልፉን የሚያወጡት ማኅበሮች ናቸው፤ «ክሩ» ይባላሉ። መኪናው ላይ ለሚወጣ ሰው ጭምብል በከተማው ሕግ ግዴታ ነው። ሕዝቡ እጁን ዘርግቶ የሚጮኸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «አንድ ነገር ጣልልኝ፣ ሚስተር!»

ልብ በሉ፣ ሚስተር ነው የሚሉት። መጀመሪያ ይህን ነገር ያሳየችኝ የማጠቢያ ክፍሉ አለቃዬ ናት። ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ እናቴ ልትሆን ትንሽ የቀራት ሴት። አንሶላ እያጣጠፍን «ለምን ሚስተር ይመስልሻል?» አለችኝ። «መኪናው ላይ ሲወጣ የኖረው ማን ሆነና!»

ታሪኩን ያወቅኩት ከእሷ ነው፤ በኋላ ራሴም አነበብኩ። የመጀመሪያው ክሩ፣ ኮመስ የሚባለው፣ በ1857 ሲወጣ የወንዶች ብቻ ነበር። ሴት ምን ታደርጋለች ብትሉ፣ ማታ ለዳንሱ ግብዣ ለብሳ መጥታ ትቀመጣለች፤ ጭምብል ያደረገ ሰው ስሟን አስጠርቶ እስኪያስነሳት ትጠብቃለች። ካልተጠራች ተቀምጣ ታመሻለች። አይሪስ የተባለው የሴቶች ክሩ በ1917 ተቋቋመ፤ ጎዳና ላይ ሰልፍ ያወጣው ግን በ1959 ነው። ከእሱ ቀድመው የወጡት ቬነስ የተባሉት ሴቶች ናቸው፣ በ1941። ሕዝቡ ምን እንደወረወረባቸው ታውቃላችሁ? የበሰበሰ አትክልት! ሴቶቹ ግን ሰልፉን ጨረሱት። ጥቁሮቹ ሴቶችም ቢሆኑ ከ1912 አካባቢ ጀምሮ «ቤቢ ዶልስ» እየተባሉ፣ አጭር ቀሚስ ለብሰው፣ በራሳቸው ሰፈር ሲጨፍሩ ኖረዋል። በየትኛውም ክሩ ዝርዝር ላይ ግን አልነበሩም።

የዘመኑ ታዋቂዎች በ2000 ተቋቁመው በ2001 ሰልፍ የወጡት ሚዩዝስ ናቸው። እነሱ የሚሰጡት በእጅ ያጌጠ የሴት ታኮ ጫማ ነው፤ እሱን ለማግኘት ሰዉ ይጋፋል። በ2013 ደግሞ ጥቁር ሴቶች ፌም ፋታል የሚባለውን አቋቋሙ፤ የእነሱ ደግሞ ያጌጠ የእጅ መስታወት ነው።

«ታዲያ እነሱ ዘንድ ለምን አትገቢም?» አልኳት አለቃዬን። ሳቀች። የክሩ አባልነት መዋጮ አለው፤ የሚበተነውንም ዶቃ የሚገዛው አባሉ ራሱ ነው። የእኛ ደሞዝ እዚያ አያወጣንም። በእግር የሚሄድ ቡድን ግን ርካሽ ነው። ቦት ጫማ፣ ልብስ፣ የሚገፋ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው፤ ትልቁ ክሩ ከጋበዛችሁ በመኪኖቹ መካከል ትገባላችሁ።

ይኸው ነው አጀማመራችን። በ2023 አፕሪል፣ አለቃዬ ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ። ስምንት ሴቶች ነበርን፤ አምስት ከማጠቢያ ክፍል፣ ሁለት ክፍል አስተካካዮች፣ አንዲት የሆቴሉ ምግብ ቤት አስተናጋጅ። በስሙ ላይ ሦስት ሰዓት ተጨቃጨቅን። «ወንድ ይግባ አይግባ» የሚለው ግን አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አንዷ እንዲህ አለች፦ «ከዚህ በፊት ቅልቅል ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ልብሱን የሰፋነው እኛ፣ ምግቡን ያበሰልነው እኛ፣ ፊት ፊት የሄዱት እነሱ።» አለቀ። ወንድ ከፈለገ በጠርዝ ሆኖ ውሃ ይግፋ ተባለ።

ገንዘቡ ላይ ስንደርስ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። «አንድ ጊዜ ብዙ ከምታወጡ፣ በወር በወር 40 ዶላር እናዋጣ፤ መዝገብ ይኑር፤ ያረፈደች ትቀጣ» አልኳቸው። በአጭሩ እቁብና እድሩን አስተማርኳቸው። አለቃዬ በግርምት አየችኝና «ይኼ እኮ የኛ ነው» አለች። እውነቷን ነው። እዚህ አገር ጥቁሮች ኢንሹራንስ የሚሸጥላቸው ባልነበረበት ዘመን፣ በሳንቲም እያዋጡ የሚታከሙበትና የሚቀበሩበት መረዳጃ ነበራቸው። ዛሬ «ሶሻል ኤይድ ኤንድ ፕሌዠር ክለብ» የሚባሉት፣ የመረዳጃና የመዝናኛ ክበብ ማለት ነው፣ ከዚያ የወጡ ናቸው። ዙሉ የሚባለው በ1909 የወጣው ዝነኛ ቡድንም ሥሩ እዚያው ነው። እድር ሆኖ የሚጨፍር ማለት ነው፣ በቃ! ገንዘብ ያዥ አደረጉኝ።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ጥፋቴ ለባሌ አለመንገሬ ነው።

ለምን አልነገርኩትም? እሱ የአበሻው መረዳጃ ጸሐፊ ነው። ሰው ያከብረዋል፤ መከበሩንም ይወዳል። ሚስቱ ጎዳና ላይ ላባ ሰክታ እየጨፈረች ነው ቢባል ምን እንደሚል አውቀዋለሁ። «ጭምብል አለኝ፣ ማን ያየኛል?» ብዬ ራሴን አታለልኩ። በክሌይቦርን ጎዳና፣ በትልቁ የመኪና ድልድይ ስር ነው የምንለማመደው፤ ዝናብም አያገኘን፣ ድምፁም ያስተጋባል። ድሮ እዚያ ጎዳና ላይ ረድፍ ሙሉ ትልልቅ የኦክ ዛፎች ነበሩ፣ የጥቁሮች ቅበላ የሚከበረውም በዛፎቹ ጥላ ስር ነበር። በ1966 ዛፎቹን ቆርጠው ድልድዩን ሠሩበት። የአለቃዬ እናት በልጅነታቸው እዚያ ዛፍ ስር ተቀምጠው ሰልፍ ያዩ ሰው ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ በተሽከርካሪ ወንበር እየመጡ ያዩን ነበር። እርምጃ ስንስት በከዘራቸው ወንበሩን ይመታሉ።

ወደዚያ እሑድ ልመልሳችሁ። ሁሉንም ነገርኩት። ባሌ ከሌላ ሰው ጋር አለመሆኔን ሲሰማ የሚቀለው መስሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ።

«ሰው ምን ይለናል?» አለ።

«አገር ቤት እያለሁ አሸንድዬ የጨፈርኩት በሰው ፊት አይደለም? አባቴ ራሱ ብር ሰጥቶናል።»

«ያኔ ልጃገረድ ነበርሽ።»

ይህች ቃል አንጀቴን በላችው። ለካ ያገባች ሴት እግሯ ይወሰድባታል! እሱ ደግሞ የጎዳው ጭፈራው ብቻ አይደለም፣ ውሸቱ ነው። «አምስት ወር፣ በየሳምንቱ፣ ዓይኔን እያየሽ» አለ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ሶፋ ላይ ማደር ጀመረ።

በአሥረኛው ቀን ይመስለኛል፣ የአለቃዬ እናት ሞቱ።

እዚህ አገር ቀብር የሚያስከፍለውን ብነግራችሁ ሞት ያስጠላችኋል። አለቃዬ ያላት ገንዘብ አልበቃም። ስብሰባ ጠራሁ። ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ሆነናል፤ በስምንት ወር ከሁላችን የገባው 4,400 ዶላር ነው፤ ለቦት ጫማው ቀብድ 900 ከፍለናል። «2,000 ዶላር ለቀብሩ ይውጣ» አልኩ። አንዷ «እኔ ያዋጣሁት ለጭፈራ ነው» አለች። ጥሩ ሰው ናት፣ አልፈርድባትም። ድርሻዋን ቆጥረን መለስንላት፣ ሄደች። የቀረነው እጃችንን አወጣን።

ማታ ቤት ገብቼ ባሌን «መረዳጃው ያለውን ወንበርና ትልቁን ድስት አውሰኝ፣ ሰው ሞቶብኛል» አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም። ሰው ሞቶብኛል የተባለ አበሻ ምን ያደርጋል? ተነሣ። ወንበሩን፣ ድስቱን፣ ራሱንም ይዞ መጣ። ሦስት ቀን አለቃዬ ቤት ሰው እየተቀበለ፣ ወንበር እየዘረጋ ዋለ። እኛ ጥቁር ምስር ሠራን፣ እነሱ ቀይ ባቄላና ሩዝ አመጡ።

የቀብሩ ቀን ግን ጉድ አየ። ወደ መቃብር ስንሄድ ባንዱ ቀስ ያለ፣ አንጀት የሚያላውስ ዜማ ይነፋል። ሬሳው ከተሰናበተ በኋላ ከበሮው ድንገት ተለወጠ፤ ጃንጥላ ተከፈተ፣ መሐረብ ተውለበለበ፣ ለቀስተኛው ሁሉ መጨፈር ጀመረ። አለቃዬ እያለቀሰች ትጨፍራለች። ባሌ የመንገዱ ዳር ቆሞ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔም ቆምኩ። የቀብር ቀን እግሬ አይታዘዘኝም፤ እኛ ዘንድ ይህ የለም። አንዲት የማኅበራችን ልጅ እጄን ይዛ አጠገቤ ቆመች፤ አልጎተተችኝም።

ማታ ሶፋው ላይ ተቀምጦ «መዝገቡን የምትይዢው አንቺ ነሽ?» አለኝ። አዎ አልኩ። «አምጪው እስቲ።» መነጽሩን አድርጎ አንድ ሰዓት ሙሉ አገላበጠ። ከዚያ «ኦገስት ላይ 40 ዶላር ጎድሎሻል፤ ሁለት ቦታ የጻፍሻት ሴት አለች» አለ። እውነቱን ነው፣ ተሳስቻለሁ። ያን ቀን ከሶፋው ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ። እሺ ብሎኝ አያውቅም፣ እስከ ዛሬ። እኔም አልጠየቅኩትም።

ታናናሾቼ፣ የሴት ማኅበር ለማቋቋም የምታስቡ ብትኖሩ፣ የትያትር ይሁን፣ የሩጫ፣ የጭፈራ፣ ከእኔ ስሕተት ተማሩ። ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ አንድ ሰው አይሁን። ከጓደኛ ጋር ቢሆንም ፈርሙ። የምትወጣ ሴት ድርሻዋን የምትወስድበትን ሕግ ከመጀመሪያው ጻፉ፣ በኋላ መጣላት ነው። ቤተሰብ ደግሞ ይከለክለናል ብላችሁ አትዋሹ፤ ይከልክላችሁ፣ ተጨቃጨቁ፣ ቢያንስ የተጨቃጨቃችሁት በእውነት ላይ ይሆናል። ለኔ ከጭፈራው ይልቅ ውሸቱ ነው ያስከፈለኝ።

በ2024 ፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ ዓርብ ማታ፣ ወጣን። አሥራ አምስት ሴቶች በአንድ ትልቅ ክሩ ሰልፍ መካከል። መንገዱ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ አብዛኛው የሴንት ቻርልስ ጎዳና ነው። ድምፅ ማጉያችን ገና ከመጀመሩ ተበላሽቶ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል በእጃችን እያጨበጨብን ሄድን። ለካ አሸንድዬ ላይ የተማርኩት ጭብጨባ እዚህም ይሠራል፤ እኔ አወጣሁ፣ እነሱ ተቀበሉኝ። የጠርዙን የውሃ ጋሪ የሚገፋው ማን ይመስላችኋል? ባሌ ነው። ኮፍያውን እስከ ዓይኑ አውርዶ። እሱም የራሱን ጭምብል አደረገ ማለት ነው!

አንዲት ሕፃን በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና «ጣልልኝ፣ ሚስተር!» አለችኝ። አለቃዬ ዘወር ብላ «ሚስ በዪ፣ የኔ ማር» አለቻትና ዶቃ አጠለቀችላት።

ሃርመኒ ሰርክል የሚባለው አደባባይ ስንደርስ ከሰዉ መካከል ጥርት ባለ አማርኛ «አንቺ! የጸሐፊው ሚስት አይደለሽም?» የሚል ሰማሁ። አንዲት የማከብራቸው እናት ናቸው። እርምጃዬ ጠፋኝ፤ ከኋላዬ ያለችው ተረከዜን ረገጠችኝ። ጭምብል ምን ያደርጋል፣ አበሻ ሰውን በአካሄዱ ነው የሚያውቀው። በሚቀጥለው እሑድ «የእገሌ ሚስት ራቁቷን ጨፈረች» ተብሎ ተወራ። በዚያ ብርድ ሁለት ታይትና ሹራብ ደርቤ ነበር፤ ላቤን ሲጠርግልኝ ያመሸው ባሌ ይመስክር። እኚያ እናት ግን ሲነገራቸው «ራቁቷን አይደለችም፣ እኔ አይቻታለሁ፤ እግሯ ትንሽ ይጠማል እንጂ» ማለታቸውን ሰማሁ። እስከ ዛሬ የደረሰኝ ትክክለኛ አስተያየት ይኸው ነው።

የባሰው በ2025 መጣ። ዓመቱ የገባው በሐዘን ነው፤ ጃንዋሪ 1 ሌሊት በበርበን ጎዳና አንድ ሰው መኪና ሕዝብ ላይ ነድቶ 14 ሰው ገደለ። ባሌ ታክሲውን ይዞ ሥራ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ሴቶች «ዘንድሮ አንወጣም» አሉ፤ አልተቀየምናቸውም። የእኔ ጣጣ ግን ሌላ ነው። የዚያ ዓመት ፋሲካችንና ፋሲካቸው በአንድ ቀን ዋለ፣ አፕሪል 20። የኛ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የነሱ ቅበላ ደግሞ ለፋሲካ 47 ቀን ሲቀረው ነው። ስለዚህ ፌብሩዋሪ 24 ጾም ገባ፤ የኛ ሰልፍ ዓርብ ፌብሩዋሪ 28 ነው። እነሱ ቅበላ ላይ ናቸው፣ እኔ የጾሙ አምስተኛ ቀን ላይ!

የንስሐ አባቴ ሌላ ከተማ ናቸው፣ ደወልኩላቸው። «ልጄ፣ ጾም ከሥጋ ብቻ መሰለሽ?» አሉኝ። ለማኅበሩ ስነግር ከፊሎቹ ተቆጡ። «አቋቁመሽን ልትጥይን ነው?» አሉ። ማስረዳት ከበደኝ፤ የእነሱ ጾም ገና አልገባ። አለቃዬ ናት የገላገለችኝ። «ደንባችን ምን ይላል? የማይጨፍር ውሃ ይግፋ ይላል» አለች።

ነጠላዬን አጣፍቼ ከባሌ ጋር ጋሪ ስገፋ አመሸሁ። እመኑኝ፣ ከመጨፈር ይከብዳል። ከበሮው ሲመታ ትከሻዬ ያለ እኔ ፈቃድ ይነሣል፣ ባሌ በክርኑ ይጎሽመኛል። በኋላ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። «እግርሽ ነው ወይስ ልብሽ የጨፈረው?» አሉኝ። «ሁለቱም፣ አባ» አልኳቸው። ዝም አሉ፤ የሳቁ መሰለኝ፤ ከዚያ አርባ ስግደት ሰጡኝ።

አሁን ሃያ ሁለት ነን። የቀብር መዋጮ ለብቻው መዝገብ አለው፤ ያች ድርሻዋን ይዛ የሄደችው ሴትም ተመልሳለች። ሴት ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቦቴን ስለካ እንዳገኘኋት ሰሞኑን «ልኬ ነው» አለችኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ደንባችን ከ18 ዓመት በታች አይቀበልም፣ ታውቃለች። 18 የሚሞላት በ2028 መባቻ ነው። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። በዚያ ዓመት ሁለቱ ፋሲካዎች እንደገና አንድ ቀን ይውላሉ፣ አፕሪል 16። ሁዳዴ ፌብሩዋሪ 21 ይገባል፣ የነሱ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 29 ነው። እስካሁን አልነገርኳትም።